የመንግሥት ፖሊሲ በምን ይመዘናል? በአዲስ አበባ ዳርቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉ ነባር የአርሶ አደር መንደሮች የሚኖሩ ሰዎች በብሎክ ስብሰባም ሆነ በወረዳ መድረክ ላይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ባለፉት ሃያ ዓመታት የቤት፣ የመሬት፣ የትራንስፖርትና የሴፍቲኔት ፖሊሲዎች በአንድነት ያረፉት በከተማዋ ዳርቻ ላይ ስለሆነ፣ የምሳሌ እጥረት የለብንም።

ፖሊሲን መተንተንና ፖሊሲን መገምገም በምን ይለያያሉ?

ትንተና ከውሳኔ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ችግሩ በትክክል ምን እንደሆነ፣ ምን ምን አማራጮች እንዳሉ፣ እያንዳንዱ አማራጭ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ ይመረምራል። ግምገማ ደግሞ ፖሊሲው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ገና በመተግበር ላይ እያለ፣ የታሰበው ለውጥ መምጣት አለመምጣቱን ያጣራል። በትንተናው ጊዜ የታለፈ ጥያቄ ቆይቶ ዋጋው ከብዶ ስለሚመለስ፣ ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት አይገባም።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት ለማልማት የተዘጋጀው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም ይፋ ሲሆን፣ የዳርቻው አርሶ አደር ከመሬቱ ይነሣል የሚለው ስጋት ከፍተኛ ተቃውሞ አስነሣ፤ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላም ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም ተሰረዘ። ማን ምን ያጣል የሚለው ጥያቄ የሚያጣውን ሰው አስቀምጦ በማነጋገር መመለስ የነበረበት ካርታው ከመሣሉ በፊት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የነዋሪው ድምፅ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው በትንተናው ደረጃ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወረዳው ዕቅዱ ከዘጠና በመቶ በላይ ተፈጽሟል ብሎ ሪፖርት ሲያቀርብ፣ ፖሊሲው ተሳክቷል ማለት ነው?

አይደለም። እንዲህ ያለው ሪፖርት የሚነግረን ስለ ፊዚካል ሥራ አፈጻጸምና ስለ በጀት አጠቃቀም ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ቧንቧ ተዘረጋ፣ ስንት ብሎክ ተገነባ፣ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ የተመደበው ገንዘብ ስንት በመቶው ወጪ ሆነ የሚሉት ጥያቄዎች አስፈላጊ ናቸው፤ ያለ እነርሱ ተጠያቂነት አይኖርም። ሆኖም የተሠራው ሥራ አንድ ነገር ነው፤ ሥራው በሰዎች ኑሮ ላይ ያስገኘው ለውጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

በዳርቻው ካሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች አንዱን፣ ባለ አራት ፎቁን፣ እንመልከት። ቧንቧው ተዘርግቷል፤ ለየቤቱ ቆጣሪ ተገጥሟል፤ በሪፖርቱ ላይም ብሎኩ የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ ተብሎ ተመዝግቧል። ውሃው ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ግፊቱ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያደርስ አይደለም። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት በፈረቃው ሌሊት ተነሥታ፣ ምድር ቤት ካለው ቧንቧ በቢጫ ጀሪካን እየቀዳች፣ ሃያ ሊትሩን በደረጃ ተሸክማ እየወጣች፣ መታጠቢያ ክፍሏ ውስጥ ያለውን በርሜል እስኪሞላ ትመላለሳለች። በሥራ መዘርዝር ሲታይ ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል፤ የእርስዋ ኑሮ ግን በውሃው ጉዳይ ብዙም አልተለወጠም። እንግዲህ ትክክለኛው አመላካች የተገጠመው ቆጣሪ ብዛት ሳይሆን፣ በሳምንት ውስጥ በላይኛው ፎቅ ቧንቧ ላይ ውሃ የሚገኝበት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ አመላካች ለመሰብሰብ ውድ አይደለም፤ አንድ ደብተርና በየፎቁ አንድ ፈቃደኛ ሰው ይበቃዋል።

የቀላል ባቡሩ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። በ2008 ዓ.ም አገልግሎት የጀመሩት ሁለቱ መሥመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሲሆን፣ ከጫፎቻቸው ሁለቱ አያትና ቃሊቲ፣ ማለትም የከተማዋ ዳርቻዎች ናቸው። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ 41 ባቡሮችም ገብተዋል፤ በግንባታ ደረጃ ዕቅዱ ተሳክቷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከአያት ተነሥቶ መሐል ከተማ የሚሠራ ሰው ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ፣ ለመቆሚያ የሚሆን ቦታ እንደሚያገኝና ከወር ደመወዙ ስንቱን ለመጓጓዣ እንደሚያወጣ ነው።

አንድ ለውጥ በፖሊሲው ምክንያት የመጣ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ይህ የግምገማ ሁሉ ዋና ጥያቄ ነው። ከፖሊሲው በፊት የነበረውን ከፖሊሲው በኋላ ካለው ጋር ማነጻጸር ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም በመካከሉ የኑሮ ውድነቱ ይለወጣል፣ ከተማው ይሰፋል፣ ልጆች ያድጋሉ፣ ሌላ መንገድ ይከፈታል። መጠየቅ ያለበት «ፖሊሲው ባይኖር ኖሮ እነዚሁ ሰዎች ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኙ ነበር?» የሚለው ነው። ያንን ዓይነት ኑሮ በዓይን ማየት ስለማይቻል፣ ገምጋሚው በሁሉም ነገር ከተጠቃሚዎቹ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን ፖሊሲው ያልደረሳቸውን ሰዎች ፈልጎ ያነጻጽራል።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ በጥልቀት የተጠኑ ሁለት ጉዳዮች አሏት። የመጀመሪያው ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን የሚመለከት ነው። ከመሐል ከተማ ርቀው የሚኖሩ ወጣቶች ሥራ ለመፈለግ አራት ኪሎና መሰል ቦታዎች ላይ ወደሚለጠፉ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች መመላለስ አለባቸው፤ የታክሲው ሒሳብ ብቻውን ብዙዎችን ቤት ያስቀራል። ተመራማሪዎች በዕጣ ከተመረጡት ወጣቶች ለአንዱ ክፍል የመጓጓዣ ገንዘብ ሰጡ፤ ለሌላው ክፍል ደግሞ የሥራ ማመልከቻና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ከክህሎት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት ጋር ሰጡ፤ ምንም ያልተሰጣቸውም ለማነጻጸሪያነት ተያዙ። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ድጋፎች በጽሑፍ ውል የሚያዝ መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን ከፍ አድርገዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የመጓጓዣው ድጋፍ ውጤት ጠፍቶ፣ ሥልጠናውን ያገኙት ወጣቶች ገቢ ካልሠለጠኑት በግልጽ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ግምገማው በአጭር ጊዜው ውጤት ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ድጋፎች ተቀራራቢ ናቸው ተብሎ ሊደመደም ይችል ነበር። ስለዚህ ግምገማው መቼ እንደተካሄደ መጠየቅ በምን ዘዴ እንደተካሄደ ከመጠየቅ አያንስም።

ሁለተኛው በ2009 ዓ.ም በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃ ቤተሰቦች በአካባቢ ልማት ሥራ እየተሳተፉ ገንዘብ የሚያገኙበት ፕሮግራም ነው። በአዲስ አበባ ፕሮግራሙ ቀድሞ የሚጀመርባቸው አካባቢዎች በዕጣ ስለተለዩ፣ ቀድመው የጀመሩትን ተራቸውን ከሚጠብቁት ጋር ማነጻጸር ተችሏል። የተገኘው ነገር ብዙዎች ያልጠበቁት ነበር፤ በአካባቢ ልማት ሥራው የተሳተፉት ሰዎች በግል ሥራ ላይ የሚያሳልፉትን ጊዜ ስለቀነሱ፣ ቀጣሪዎች ለቀን ሠራተኛ የሚከፍሉት ዋጋ ከፍ አለ፤ በዚህም በፕሮግራሙ ያልታቀፉ የቀን ሠራተኞችም ተጠቀሙ። ተጠቃሚ ተብለው የተመዘገቡትን ብቻ ጠይቆ የሚመለስ ገምጋሚ ይህንን ፈጽሞ አያየውም ነበር።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለግምገማ ይጠቅማል ሲባል ምን ማለት ነው?

በ2005 ዓ.ም በተካሄደው ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 ፕሮግራሞች ተመዝግቧል (የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው ራሱ የሚቆጥበውን፣ ሁለተኛው በባንክ ብድር የሚሸፈነውን የቤቱን ዋጋ በመቶኛ ያሳያል)። ቤቱ ለሁሉም ስለማይዳረስ በዕጣ ይደለደላል፤ ዕጣ የወጣለትና ያልወጣለት ተመዝጋቢ ደግሞ ከዕድል በቀር ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሁለቱን ወገኖች የሥራ ሁኔታ፣ የልጆች ትምህርት፣ የቁጠባ መጠንና የማኅበራዊ ኑሮ ሁኔታ ማነጻጸር፣ ዳርቻ ላይ ቤት ማግኘት በትክክል ምን እንደሚለውጥ ያሳያል።

በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በዕጣው ውስጥ ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ የተለየ ድርሻ ስላለ፣ የማሸነፍ ዕድሉ ለሁሉም እኩል አይደለም፤ ስለሆነም አንዲት ሴት ባለዕጣ መነጻጸር ያለባት በዚያው ምድብ ከተመዘገበች ዕጣ ያልደረሳት ሴት ጋር ነው። ሁለተኛ፣ ዕጣው ራሱ ንጹሕ መሆን አለበት። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም የወጣው ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ፣ ያልቆጠቡ ሰዎች ጭምር የተካተቱበት መሆኑ ስለተደረሰበት ተሰርዞ በ2015 ዓ.ም እንደገና ወጥቷል። ይህ ክስተት የጎዳው ለዓመታት የቆጠበውን ሰው እምነት ነው፤ ከዚያ በመለስ ደግሞ በተበላሸ ዕጣ ላይ ተመሥርቶ የሚደረግ ማንኛውም ንጽጽር ዋጋ ቢስ ይሆናል።

ዕጣ በራሱ ፍትሐዊነትን ያረጋግጣል ማለት ግን አይደለም። ወደ ዕጣው ለመግባት አስቀድሞ መቆጠብ ያስፈልጋል። በ2005ቱ ምዝገባ የወር ቁጠባው ለ10/90 ፕሮግራም 187 ብር፣ በ20/80 ለስቱዲዮ 151፣ ለባለ አንድ መኝታ 274፣ ለባለ ሁለት መኝታ 561 ብር ነበር። ገቢው በቀን ሥራ ላይ የተመሠረተ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ወር ሥራ ሲያጣ ቁጠባውን ያቋርጣል፤ ቤቱ በዋነኛነት የታሰበለትም ያው ቤተሰብ ነው። ገምጋሚ ዕጣ ከገቡት ሰዎች ባሻገር ከወረፋው ወጥተው የቀሩትን ፈልጎ ካላነጋገረ ሥራው ጎደሎ ነው።

ፖሊሲው ለከተማው ጠቅሞ ነባሩን አርሶ አደር ቢጎዳስ? ይህ በምዘናው እንዴት ይታያል?

አማካይ ቁጥር ይህንን ጉዳት ይደብቃል። አንድ ሺህ አባወራ ቤት አግኝቶ ሃምሳ አባወራ እርሻውን ቢያጣ በድምሩ ትርፍ ይመስላል። ስለዚህ ጥሩ ምዘና ጥቅሙንና ጉዳቱን በየወገኑ ለያይቶ ያሳያል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ንብረቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ለሚወሰድበት ሰው ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ መከፈል እንዳለበት ይደነግጋል።

የካሣው ሕግ ራሱ እንደ አንድ ፖሊሲ ሊመዘን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ አርሶ አደር የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ የሚሰላው የቀደሙት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛል። ለምሳሌ የአንድ አርሶ አደር የአምስት ዓመት ገቢ በቅደም ተከተል 30 ሺህ፣ 35 ሺህ፣ 40 ሺህ፣ 50 ሺህ እና 60 ሺህ ብር ነበር እንበል። በቀድሞው አዋጅ አማካዩ 43 ሺህ ስለሆነ ካሣው 430 ሺህ ብር ይሆናል፤ በአዲሱ አዋጅ 60 ሺህ በ15 ተባዝቶ 900 ሺህ ብር ይደርሳል። በወረቀት ላይ ከእጥፍ በላይ ብልጫ አለው።

ይሁንና ምዘናው እዚህ ላይ ሊቆም አይችልም። ገንዘቡ የተከፈለው አርሶ አደሩ ከመነሣቱ በፊት ነው ወይስ ከተነሣ በኋላ? ካሣው ተሰልቶ እስኪከፈል ድረስ የዕቃ ዋጋ ምን ያህል ጨመረ? አዲሱ አዋጅ ከካሣ ሌላ ተነሺዎችን መልሶ የማቋቋም ግዴታ ስላስቀመጠ፣ ሥልጠናውና የሥራ ትስስሩ በእርግጥ ተሰጠ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ቤተሰብ በምን ይተዳደራል? በዳርቻው እንደምናየው፣ ጤፍና ስንዴ ያመርት የነበረ ሰው ቀድሞ ማሳው በነበረው ቦታ ላይ በተሠራ ሕንፃ በጥበቃ ሥራ ሲተዳደር፣ ስለ ፖሊሲው የሚነግረን ነገር ከማንኛውም የካሣ ቀመር የበለጠ ነው። የእርሱ ታሪክ በግምገማ ሪፖርት ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሊሆን ይገባዋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ያላቸው መመዘኛዎች አሉ?

አሉ። በስፋት የሚሠራባቸው ስድስት ናቸው፤ ፖሊሲው ከችግሩ ጋር መገናኘቱ፣ ከሌሎች ፖሊሲዎች ጋር መጣጣሙ፣ ግቡን መምታቱ፣ ሀብትን በቁጠባ መጠቀሙ፣ ያስከተለው ሰፊ ለውጥ እና የውጤቱ ዘላቂነት። መጣጣም የሚለው የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ ለእኛ አካባቢ እጅግ የሚያስፈልገው እርሱ ይመስለኛል። ቤቱ ተሠርቶ ነዋሪው ከገባ በኋላ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና የአውቶቡስ መሥመሩ ዓመታት ዘግይተው ሲመጡ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ዕቅድ ፈጽሞ በድምሩ ግን የነዋሪው ኑሮ ሳይሟላ ይቀራል።

በመንግሥት በኩል ምዘናውን የሚሠራው ማን ነው?

በፌዴራል ደረጃ የዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ከሒሳብ ኦዲት ሌላ የክዋኔ ኦዲት ያካሂዳል፤ ይህም አንድ ፕሮግራም ገንዘቡን ለታለመለት ዓላማ በቁጠባና በውጤታማነት ማዋሉን የሚመረምር ሲሆን፣ ግኝቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። የፕላንና ልማት ሚኒስቴር የልማት ዕቅዶችን አፈጻጸም ይከታተላል፤ የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩትም ጥናቶችን ያካሂዳል። ፈጻሚው መሥሪያ ቤት ራሱን በራሱ የሚገመግምበት ሪፖርት ለውስጥ ሥራው ይጠቅማል፤ የገለልተኛ ገምጋሚን ቦታ ግን ሊተካ አይችልም።

ከፖሊሲው በፊት የተሰበሰበ መነሻ መረጃ ባይኖርስ?

ይህ የተለመደ ችግር ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ያሉባቸው ብዙዎቹ የዳርቻ ሰፈሮች በዚያ ጊዜ እርሻ ነበሩ፤ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማም የተቋቋመው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ2013 ዓ.ም ነው። ስለዚህ ገምጋሚው የትምህርት ቤት ምዝገባ መዝገብ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ፣ የውሃና የመብራት ቢል፣ የቆየ የሳተላይት ምስል እና የነዋሪዎች ትውስታ አሰባስቦ እርስ በርስ ያመሳክራል። ትውስታ ብቻውን ግን ያሳስታል፤ ሰው ከዓመታት በፊት የነበረውን ገቢውን በትክክል ስለማያስታውስ፣ ልጅ በተወለደበት፣ አዲስ ቤት በተገባበት ወይም በዓል በዋለበት ጊዜ ላይ ተመሥርቶ መጠየቅ ይሻላል።

እንደ ነዋሪ መረጃ የመጠየቅ መብት አለኝ?

አለዎት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍና በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ጥያቄውን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ያቅርቡ፤ የተቀበለውን ሰው ፊርማና ቀን ያለበት ቅጂ ይያዙ። መልስ ካልተሰጠዎት አቤቱታዎን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላሉ። «ስለ ውሃው ሁሉንም መረጃ ስጡኝ» ከማለት «ለዚህ ሳይት ያለፉት ስድስት ወራት የውሃ ፈረቃ ፕሮግራም ይሰጠኝ» ብሎ መጻፍ መልስ የማግኘት ዕድልን ከፍ ያደርጋል።

መጠየቅ መንግሥትን እንደ መቃወም አይቆጠርም?

ሊቆጠር አይገባም። የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ለሕዝብ ምን እንዳስገኘ ማወቅ የገንዘቡ ባለቤት መብት ነው። ቅን አመራርም ከአዎንታዊ ሪፖርት ይልቅ ትክክለኛ መረጃ ይጠቅመዋል። የምዘናው ውጤት ፖሊሲው መሥራቱን ቢያሳይ፣ ያንኑ በዚያው ግልጽነት መናገር የገምጋሚው ግዴታ ነው።

በራሳችን አቅም በሰፈራችን ትንሽ ጥናት ማካሄድ ብንፈልግ ከምን እንጀምር?

ከአንድ ጥያቄ ይጀምሩ። ውሃን፣ ታክሲን፣ ትምህርት ቤትንና ጸጥታን በአንድ መጠይቅ ለማጥናት የሚሞክር ቡድን ብዙውን ጊዜ አንዱንም ሳይጨርስ ይቀራል።

ከዚያ የሚጠየቁትን ሰዎች በጥንቃቄ ይምረጡ። ስብሰባ ላይ የተገኙትን ብቻ መጠየቅ ስህተት ነው፤ ስብሰባ የሚመጡት ጊዜ ያላቸው ወይም ቅሬታቸው የበረታ ናቸውና። የብሎኮቹንና የቤቶቹን ቁጥር ዘርዝራችሁ፣ የመጀመሪያውን ቤት በዕጣ አውጥታችሁ፣ ከዚያ በኋላ ለምሳሌ በየአሥረኛው ቤት ማንኳኳት ይሻላል። የተመረጠው ቤት ዝግ ከሆነ ወደ ጎረቤቱ አትለፉ፤ በሌላ ሰዓት ተመለሱ። ቀን ቤቱን የሚዘጋው ሰው ርቆ የሚሠራው ነው፤ የትራንስፖርት ችግር ከሁሉም በላይ የሚያውቀውም እርሱ ነው። ባለዕጣውንና ተከራዩን ለይታችሁ መዝግቡ፤ በዳርቻው ብዙ ቤት በኪራይ ስለሚኖርበት የሁለቱ መልስ ሲደባለቅ ትርጉሙ ይጠፋል። በአካባቢው ያሉትን ነባር ነዋሪዎችም፣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ከሆኑ በቋንቋቸው፣ አነጋግሩ።

ጥያቄዎቹ የሚቆጠር መልስ ያላቸው ይሁኑ። «ትራንስፖርት ጥሩ ነው?» ተብሎ ከመጠየቅ፣ «ትናንት ጠዋት ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ? ሥራ ቦታ ስንት ሰዓት ደረሱ? በስንት ታክሲ ወይም አውቶቡስ ሄዱ? ስንት ብር ከፈሉ?» ቢባል ይሻላል። የተጠያቂዎችን ስም አትጻፉ፤ የብሎክና የፎቅ ቁጥር ይበቃል። ከተቻለ ያንኑ መጠይቅ አገልግሎቱ ገና ባልደረሰበት፣ በሌላው ነገር ግን ከእናንተ ጋር በሚመሳሰል ሳይት ላይም አስሞሉ፤ ለውጡ በአገልግሎቱ የመጣ መሆኑን የምታውቁት በዚህ ንጽጽር ነው። ውጤቱን ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ፣ ስንት ቤት እንደጠየቃችሁና ስንቱ መልስ እንዳልሰጠ ጭምር ጽፋችሁ፣ ለወረዳው ምክር ቤትና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን አስገቡ፤ ከስድስት ወር በኋላም ያንኑ መጠይቅ በዚያው አሠራር ድገሙት።